ማካሮቭ፣ ቶካሬቭ፣ ናጋንት ወይስ ሌላ? አሜሪካ ውስጥ የሰርፕላስ ሽጉጥ ለሚሰበስብ የንጽጽር መመሪያ

ጦር ሠራዊት ከመጋዘን አውጥቶ የሸጠውን አሮጌ ሽጉጥ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ በመልኩ ይጀምራል። መጀመር ያለበት ግን በሚጎርሰው ጥይት ነው። የ70 ዓመት ሽጉጥ በደህና ሁኔታ ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ጥይቱ ከገበያ ከጠፋ ወይም ዋጋው ከተሰቀለ ግን በሳጥን ውስጥ የሚያንቀላፋ ብረት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከጥይት ተነስቶ ወደ ፈቃድ፣ ከዚያም ወደ ሽጉጦቹ ይሄዳል። የምናወራው ሕጋዊ ስብሰባ ስለሚቻልበት ስለ አሜሪካ ገበያ ነው፤ ዓመቶቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ዘጠኝ ሚሊ» ሦስት ነው

በወሬ «ዘጠኝ ሚሊ» ሲባል አንድ ጥይት ይመስላል። በሰርፕላስ ዓለም ቢያንስ ሦስት አሉ። ጣሊያናዊው ቤሬታ 1934 የሚጎርሰው 9 በ17 ነው። ማካሮቭ፣ የፖላንዱ ፒ-64 እና የቼኩ ሲዜድ-82 9 በ18 ይጎርሳሉ። ጀርመናዊው ፒ-38 እና ተተኪው ፒ-1 ዛሬ በየሱቁ በሚገኘው በ9 በ19 ይሠራሉ። ሁለተኛው ቁጥር የቀለሃው ርዝመት ነው፤ ልዩነቱ ግን በርዝመት አያበቃም። የማካሮቭ እርሳስ (ከቀለሃው ወጥቶ የሚበረው ክፍል) ስፋቱ 9.27 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የ9 በ19 ግን ወደ 9.02 ይጠጋል። አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም። «ይገባል እኮ» የሚል ሻጭ ካጋጠመ ከዚያ ሱቅ መውጣት ነው።

በቀላል መገኘት 9 በ19 አንደኛ ነው፣ የሚወዳደረውም የለም። 9 በ18 ለረጅም ዓመታት ርካሽ የነበረው ከሩሲያ ስለሚመጣ ነበር። አሜሪካ ከመስከረም 2021 ጀምሮ ለሩሲያ ጥይት አዲስ የማስገቢያ ፈቃድ መስጠት ካቆመች ወዲህ ገበያው የቼኩ ሴሊየር ኤንድ ቤሎ እና የሰርቢያው ፕርቪ ፓርቲዛን ላይ ወድቋል። ይገኛል፣ ግን እንደ ድሮው አይረክስም። የቶካሬቭ 7.62 በ25 ጥይትም ከእነዚሁ ከሁለቱ ይመጣል። የናጋንቱ 7.62 በ38 ግን ከሁሉም ውድ ነው፤ አንድ ሳጥን ለመጨረስ እጅ ያመነታል።

አሮጌ የወታደር ጥይት በቆርቆሮ ተገኘ ብሎ መቸኮልም ዕዳ አለው። የድሮዎቹ የምሥራቅ አውሮፓ 7.62 በ25 ጥይቶች አብዛኞቹ ፕራይመራቸው (ባሩዱን የሚለኩሰው ክፍል) ውስጥ የፖታሲየም ክሎሬት ጨው አለባቸው። ጥይቱ ሲተኮስ አፈሙዙ ውስጥ የሚቀረው ፖታሲየም ክሎራይድ ከገበታ ጨው ጋር የሚዛመድ ነገር ነው፤ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ በቀናት ውስጥም ያዝጋል። ዘይት ይህን ጨው አያሟሟውም። የሚያሟሟው ውኃ ነው። በተተኮሰበት ዕለት ሙቅ ውኃ በአፈሙዙ ማሳለፍ፣ የስላይዱን (ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚንሸራተተውን የላይኛውን ብረት) ፊት በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ዘይት መቀባት፤ ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። «ነገ እጠርገዋለሁ» ባለ ሰው ስንት ንጹሕ አፈሙዝ ጠፍቷል።

በየትኛው በር ይገባሉ?

ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ተራው መንገድ ነው። ዕድሜዎ 21 ከሞላ፣ በሚኖሩበት ግዛት ፈቃድ ካለው ነጋዴ ዘንድ ሄደው ቅጽ 4473 ይሞላሉ፣ የጀርባ ማጣሪያው ይደረጋል፣ ይወስዳሉ። በኢንተርኔት ከሌላ ግዛት የተገዛ ሽጉጥም ወደዚሁ ነጋዴ ይላካል፤ እሱም ለማስተላለፊያ ክፍያ ይጠይቃል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በዚህ መንገድ መግዛት ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ጠባብ ሁኔታዎች በስተቀር ሽጉጥ መግዛት ቀርቶ መያዝም በፌዴራል ሕግ ያስጠይቀዋል።

ሁለተኛው ለሰብሳቢ የተሠራ መንገድ ነው፤ «ሲ ኤንድ አር» የሚባለው ዓይነት 03 ፈቃድ። ከኤቲኤፍ (የጦር መሣሪያን ከሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) የሚወጣ ሲሆን ለ3 ዓመት 30 ዶላር ነው። በዚህ ፈቃድ ከተሠራ 50 ዓመት የሞላውንና በመጀመሪያ ይዞታው ያለውን፣ ወይም ኤቲኤፍ በዝርዝሩ ያሰፈረውን መሣሪያ ከሌላ ግዛት ጭምር በቀጥታ ወደ ፈቃዱ አድራሻ ማስላክ ይቻላል። በዓመት ሁለት ሽጉጥ እንኳ ለሚገዛ ሰው የነጋዴው ማስተላለፊያ ስለሚቀርለት ወጪውን ወዲያው ይመልሳል። ግዴታ ግን አለው። የገባውን ሽጉጥ እስከሚቀጥለው የሥራ ቀን ማብቂያ፣ የወጣውን ደግሞ በ7 ቀን ውስጥ መዝገብ ላይ ማስፈር ያስፈልጋል፤ ኤቲኤፍም መዝገቡን ሊያይ ይችላል። ፈቃዱ ለስብስብ እንጂ ለንግድ አይደለም፤ ገዝቶ እያተረፉ መሸጥ ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል። የግዛት ሕግም ከላይ ይጨመራል። ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን የሚለያቸው ወንዝ ብቻ ቢሆንም የሽጉጥ ሕጋቸው እጅግ ይለያያል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሰው አሌክሳንድሪያ ካለ ጓደኛው የሰማውን እንደ ሕግ አይያዝ።

ሦስተኛው መንገድ ለአንድ ሽጉጥ ብቻ ነው፤ የአሜሪካ ጦር ይታጠቀው ለነበረው ለ1911። ወደ መጨረሻው እንመጣበታለን።

በሦስቱም መንገድ አንድ ነገር አይቀየርም። ቅጹ ላይ የእርስዎ ስም ካለ ሽጉጡ የእርስዎ መሆን አለበት። መግዛት ለማይችል ወንድም ወይም ጓደኛ «በስሜ ልግዛለት» ማለት የፌዴራል ወንጀል ነው። ለማስታወሻ ብሎ ወደ ኢትዮጵያ መላክም አይሞከርም፤ ከአሜሪካ በኩል የኤክስፖርት ቁጥጥር፣ ከሀገር ቤት በኩል የመሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) አለ።

ማካሮቭ፦ የመጀመሪያው ሽጉጥ ይሁን

ለጀማሪ አንድ ብቻ ምረጡ ብንባል ማካሮቭን እንመርጣለን። በ1951 በሶቪየት ጦር የተመረጠ፣ 730 ግራም የሚመዝን፣ ስምንት ጎራሽ ነው። ለእኛ ሰው ስሙ ባዳ አይደለም፤ ከሶቪየት ጋር የነበረው የደርግ ዘመን ወዳጅነት አስተዋውቆታል። አፈሙዙ ከአካሉ ጋር ተጣብቆ የቆመ ነው፣ ሞላው በአፈሙዙ ዙሪያ ይጠመጠማል። ለጽዳት ሲፈታ ካዝናው (ጥይት መያዣው) ይወጣል፣ ባዶነቱ በዓይንም በጣትም ይረጋገጣል፣ የምላጩ ከለላ ወደ ታች ተስቦ ትንሽ ወደ ጎን ይደገፋል፣ ስላይዱ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተስቦ ከኋላው ከፍ ይልና ወደ ፊት ይለቀቃል። አለቀ። የመምቻው ሞላ ጠፍጣፋ ብረት ሲሆን ግርጌው ራሱ ካዝናውን የሚይዘው መንጠቆ ነው። ስለዚህ ካዝናው ከላላ ችግሩን ካዝናው ላይ ብቻ አይፈልጉ፤ ሞላውንም ይዩ።

ከየት ሀገር? የምሥራቅ ጀርመኑ በዙል ከተማ የተሠራ ነው፤ ኮከብ የሌለበት ጥቁር እጀታ አለው፣ አሠራሩ ከሁሉም የጠራ ነው፣ ምርቱም በ1960ዎቹ ስላበቃ ሁሉም 50 ዓመት አልፎታል። ዋጋው ይህንን ያውቃል። የቡልጋሪያው በካዛንላክ የተሠራ፣ በክብ ውስጥ 10 ቁጥር የተመታበት ሲሆን እንደ ጀርመኑ ባያበራም በሥራ አያንስም። ለመተኮስ የሚገዛ ሰው ቡልጋሪያውን ይውሰድ፤ በልዩነቱ ጥይት ይገዛበታል። ሩሲያ ሠራሽ ሆኖ የሚስተካከል የኋላ ማነጣጠሪያ ካለው ለንግድ የተሠራ እንጂ ከወታደር እጅ የወጣ አይደለም፤ «የጦር ሠራዊት ነው» ተብሎ በጦር ሠራዊት ዋጋ መሸጥ የለበትም።

በዚሁ ጥይት የሚሠሩት ሁለቱ ወንድሞቹ በጠባይ የተራራቁ ናቸው። ሲዜድ-82 አሥራ ሁለት ጎራሽ ነው፣ አፈሙዙ በውስጡ ክሮም የተለበጠ፣ መጠበቂያውና የካዝና መልቀቂያው ከሁለቱም ወገን የሚሠራ በመሆኑ ለግራኝ እጅ ተስማሚ ነው። ቅቡ እንደ ቀለም ስለሆነ ይላጣል፤ ከሥሩ ያለው ብረት ጤነኛ ከሆነ አያስጨንቅ። ፒ-64 ደግሞ ስድስት ጎራሽ፣ ትንሽና የሚያምር ነው፤ ሲተኮስ ግን መዳፍ ይቆነጥጣል፣ የመጀመሪያው ጥይት ምላጭም ጣት ያደክማል። ብዙ ባለቤቶች የመምቻውን ሞላ ለስላሳ በሆነ ይለውጣሉ። ሲለውጡ የድሮውን ሞላ በስያሜው ጽፈው ያስቀምጡ፤ ቀጣዩ ገዢ ይጠይቃል።

ቶካሬቭ፦ ቀዳዳውን ይፈልጉ

ቲቲ-33 ቀጭን፣ ስምንት ጎራሽ፣ ፈጣን ጥይት የሚተፋ ሽጉጥ ነው። ሲፈጠር የእጅ መጠበቂያ አልነበረውም፤ ያለው መምቻውን በግማሽ መንገድ የሚይዝ ጥርስ ብቻ ነው። የ1968ቱ የአሜሪካ ሕግ ከውጭ የሚገባ ሽጉጥ መስፈርት እንዲያሟላ ስለሚያስገድድ አስመጪዎች አካሉን ወይም ስላይዱን በስተው መጠበቂያ ይጨምሩበታል። ለተኳሽ ይህ ጉዳት የለውም። ለሰብሳቢ ግን የተበሳ ብረት ነው። መጠበቂያ ያልተጨመረበትና የአስመጪ ማህተም የሌለበት ቶካሬቭ ካገኙ ከ1968 በፊት የገባ ወይም ወታደር ከጦር ሜዳ ያመጣው ሊሆን ስለሚችል ዋጋው ይወጣል። መጠበቂያው ተነቅሎ ቀዳዳው በብየዳ የተደፈነም ያጋጥማል፤ ከእጀታው በላይ ግራ በኩል ያለውን ብረት በሰያፍ ብርሃን ሲያዩት የቅቡ ቀለም እዚያች ቦታ ላይ ይለወጣል።

የፖላንዱ በራዶም፣ የሮማኒያው በኩጂር የተሠሩ ናቸው፤ ፖላንዱ በአጨራረስ ይበልጣል። የዩጎዝላቪያው ኤም-57 ዘጠኝ ጎራሽ ነው፣ እጀታው ረዝሟል፣ ስለዚህ የተለመደው የቲቲ ካዝና አይሆነውም። ካዝናው ሲወጣ ምላጩ እንዳይሠራ የሚያደርግ አካልም አለው። ኤም-57 ሲገዙ ሁለተኛ ካዝና አብሮ እንዲሰጥዎ ይደራደሩ፤ በኋላ ለብቻው መፈለግ ያሰለቻል።

በማንኛውም ቶካሬቭ ላይ መምቻው ሙሉ በሙሉ ወርዶ ጥይት አፈሙዝ ውስጥ ካለ መምቻው መርፌውን (ጥይቱን ወግቶ የሚያስነሳውን ብረት) ተደግፎ ነው የሚቀመጠው። ቢወድቅ ሊተኩስ ይችላል። ባዶ አፈሙዝ እንጂ ሌላ አስተማማኝ አያያዝ የለውም።

ሲዜድ-52፦ ለዓይን ጥሩ፣ ለእጅ ጥንቃቄ

በ7.62 በ25 የሚሠራው ሌላኛው የቼኩ ሲዜድ-52 ነው። የተሠራው ከ1952 እስከ 1954 ብቻ ሲሆን ቁጥሩ 200,000 ገደማ ነው። አፈሙዙን የሚቆልፉት ሁለት ትናንሽ ተንከባላይ ብረቶች ናቸው፤ ሲፈታ የሰዓት ውስጥ የሚያዩ ይመስላል። ከቶካሬቭ ይጠነክራል የሚለው ወሬ ግን ልክ አይደለም። ተንከባላዮቹ እንዲገቡ የጥይት ቤቱ ግድግዳ ከሥሩ ስለተቆረጠ እዚያ ጋ ስስ ነው፤ ስለዚህ ከመደበኛው በላይ የተሞላ ጥይት አይሰጠውም።

ሁለት ሌሎች ድክመቶች አሉት። የመጀመሪያው መርፌው ነው። ተሰባሪ ከመሆኑ የተነሳ ያለ ጥይት ምላጭ ደጋግሞ መሳብ ይሰብረዋል፤ ከጠንካራ ብረት የተቆረጠ ምትክ ይገኛል፣ ከመተኮስ በፊት መለወጥ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው። መጠበቂያው ወደ ላይ ሲገፋ መምቻውን በቀስታ እንዲያወርድ ታስቧል፤ የውስጥ ክፍሎቹ ባረጁበት ሽጉጥ ላይ ግን ማውረዱ ቀርቶ ሊተኩስ ይችላል። ይህን መጠበቂያ ጥይት ባለበት ሽጉጥ ላይ በፍጹም አይጠቀሙበት። መደርደሪያዎ ላይ ቦታ ካለ ይግዙት፤ አንድ ሽጉጥ ብቻ የሚገዙ ከሆነ ይለፉት።

ናጋንት እና ጀርመኖቹ

የ1895ቱ ናጋንት ሰባት ጎራሽ ሪቮልቨር ነው። መምቻው ሲነሳ ጥይት ያዡ ከበሮ ወደ ፊት ተገፍቶ አፈሙዙን ይገጥማል፤ እርሳሱም ሙሉ በሙሉ በቀለሃው ውስጥ ስለተቀበረ የቀለሃው አፍ ክፍተቱን ይዘጋል፣ ጋዝ በጎን አያመልጥም። ለዚህ ብልሃት የሚከፈለው በምላጩ ነው፤ መምቻውን ሳያነሱ ሲስቡት ወደ 9 ኪሎ ይጠጋል። ጥይቱ አንድ በአንድ ይገባል፣ ቀለሃውም አንድ በአንድ ተገፍቶ ይወጣል። በ2000ዎቹ መጨረሻ ከ100 ዶላር በታች ይገኝ ነበር፤ ያ ዘመን አልፏል። ብረቱ ላይ በአራት ማዕዘን ውስጥ ሰያፍ መስመር ያለበት ማህተም ካዩ በሶቪየት መጋዘን ታድሶ የወጣ ነው ማለት ነው፤ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው እንዲህ ነው።

ፒ-38ን በፋብሪካ ኮዱ ይለዩታል፦ ኤሲ ዋልተር፣ ቢዋይኤፍ ማውዘር፣ ሲዋይኪው ሽፕሬቨርክ። ሶቪየቶች ማርከው ያደሱት ብዙ ነው፤ ቁጥሮቹ ተሰርዘው ተመሳስለዋል፣ ቅቡ አዲስ ነው፣ ብዙዎቹም የኤክስ ምልክት ተመቶባቸዋል። ለመተኮስ ፒ-1 ይሻላል። ስላይዱ ላይ ወርና ዓመት ተጽፏል፣ አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ ቀላል ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ገደማ አሉሚኒየሙን የሚያጠናክር ባለ ስድስት ማዕዘን ብረት ተጨምሮበታል፤ ብረቱ ያለበትን ይምረጡ። እዚህ ላይ ግን የ50 ዓመት ስሌት ይገባል፦ ብረቱ ያለባቸው ገና ዕድሜውን በመሙላት ላይ ስለሆኑ በሲ ኤንድ አር ከማዘዝ በፊት የስላይዱን ወርና ዓመት ቆጥሮ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በሁለቱም ላይ የስላይዱን ጀርባ የሚሸፍነው ስስ ቆርቆሮ ከላላ ሲተኮስ ተፈናጥሮ ይሄዳል፤ በጣት ጫን ብለው ይፈትሹት።

ቤሬታ 1934፦ ለእኛ ታሪክ የሚቀርበው

ከ1936 እስከ 1941 በኢትዮጵያ የነበረው የጣሊያን ጦር የታጠቀው ሽጉጥ ስለሆነ ከእኛ ወገን የሆነ ሰብሳቢ ይህን ሲያይ መቆሙ አይቀርም። ሰባት ጎራሽ፣ 660 ግራም ገደማ። ስላይዱ ላይ ከዓመተ ምሕረቱ አጠገብ በሮማ ቁጥር የፋሽስቱ ዘመን ዓመት ይገኛል፤ 15 የሚለው ከጥቅምት 1936 መጨረሻ እስከ ጥቅምት 1937 ያለውን ነው። ከኋላ አር-ኢ የምድር ጦር፣ አር-ኤ የአየር ኃይል፣ አር-ኤም የባሕር ኃይል ማህተም ነው። «9 ስኩርት» የሚል ከሆነ ለሮማኒያ የተሠራ ነው።

«ከኢትዮጵያ የተማረከ» ተብሎ ሲቀርብ ሻጩ ምን እንዳለው ትተው ብረቱ ምን እንደሚል ያንብቡ። በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ መጋዘን የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ገበያ ላይ ስለዋሉ ስሙ ዋጋ ማናሪያ ሆኗል። ወሬ ማህተም የለውም። 1942 የተጻፈበት ቤሬታ በ1941 ጎንደር ላይ ሊማረክ አይችልም፤ ይህን ያህል ቀላል ሒሳብ ብዙ ተረት ያፈርሳል።

በአሠራሩ ጥይት ሲያልቅ ስላይዱን ክፍት አድርጎ የሚይዘው ካዝናው ነው። ካዝናው በኃይል ተጎትቶ ሲወጣ ስላይዱ በጣት ላይ ይዘጋል። መጠበቂያው ደግሞ ግማሽ ክብ ይዞራል፤ በችኮላ የሚሠራ አይደለም።

1911፦ ወረቀቱ ከሽጉጡ ይከብዳል

በ2015 መጨረሻ የወጣ ሕግ የአሜሪካ ጦር 1911 ሽጉጦችን ለሲኤምፒ (የሲቪሎችን የዒላማ ተኩስ ለሚያበረታታው ድርጅት) እንዲያስተላልፍ ፈቀደ፤ ሽያጩ በ2018 በዕጣ ቅደም ተከተል ተጀመረ። ያኔ ዋጋው ራክ ግሬድ 850፣ ፊልድ ግሬድ 950፣ ሰርቪስ ግሬድ 1,050 ዶላር ነበር። የአሜሪካ ዜግነት፣ የተጓዳኝ ክለብ አባልነትና የተኩስ ልምምድ ማስረጃ ይጠየቃል። የሲ ኤንድ አር ፈቃድ እዚህ አይሠራም፤ ሽጉጡ ወደ ነጋዴ ይላካልና ማጣሪያው ሁለት ጊዜ ነው፣ አንዴ በሲኤምፒ አንዴ በነጋዴው።

መንግሥት ይህን ሽጉጥ መግዛት ያቆመው በ1945 ስለሆነ ሁሉም ተፈቶ ተገጣጥሟል። አካሉ የሬሚንግተን ራንድ፣ ስላይዱ የኮልት ቢሆን አይደንቅም። ይህን እንደ ጉድለት የሚያይ ሰው ከሲኤምፒ አይግዛ።

ጠረጴዛው ላይ

መታደስ ለተኳሽ ጥሩ ዜና፣ ለሰብሳቢ የዋጋ ቅናሽ ነው። ዳግም የተቀባ ሽጉጥ ጠርዞቹ ክብ ይሆናሉ፣ የፊደሎቹ ጥልቀት ይሟሽሻል፣ ከአዲሱ ቅብ ሥር የዝገት ጉድጓድ ይታያል። በስላይድ፣ በአካልና በአፈሙዝ ላይ ያለውን መለያ ቁጥር ያነጻጽሩ፤ የአጻጻፉ ዓይነት ከተለያየ በኋላ የተመሳሰለ ነው።

ከሻጩ ፈቃድ ጋር የሚሠራ ርካሽ ፍተሻ አለ። ሽጉጡ ባዶ መሆኑ ሁለቴ ከተረጋገጠ በኋላ መምቻው ይነሳል፣ የመጻፊያ እርሳስ በላጲሱ በኩል ወደ አፈሙዙ ይገባል፣ ሽጉጡ ወደ ላይ ይያዛል፣ ምላጩ ይሳባል። መርፌው ደህና ከሆነ እርሳሱ ተወርውሮ ይወጣል። ዝም ካለ መርፌው ተሰብሯል ወይም ግሪዝ ይዞታል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሲዜድ-52 ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም።

በመጋዘን እንዳይዝግ የተቀባው ግሪዝ ኮስሞሊን ይባላል። በነጭ ጋዝ ይለቃል፤ ክፍሎቹን ነቅሎ መዘፍዘፍ፣ በጥርስ ብሩሽ ማሸት፣ መስኮት መክፈት፣ እሳት ማራቅ። የእንጨት እጀታ አይዘፈዘፍም። ከሁሉ በፊት የመርፌውን ቀዳዳ ያጽዱ። እዚያ የቀረ ግሪዝ መርፌውን ወደ ፊት ጎልቶ እንዲቀር ካደረገው ስላይዱ በተዘጋ ቁጥር ሽጉጡ ምላጭ ሳይነካ ሊተኩስ ይችላል። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ቀን ተኩስ በካዝና ውስጥ አንድ ጥይት፣ ቀጥሎ ሁለት ብቻ አድርጎ የሚጀመረው።

አብሮት የመጣውን የቆዳ ማኅደር አይጣሉት፤ ዋጋ አለው። ሽጉጡን ግን እሱ ውስጥ አያኑሩ። ቆዳው የተለፋበት አሲድና የያዘው እርጥበት በጥቂት ወራት የስላይዱን ጎን ይበላል፤ በማኅደሩ ናሶች ላይ አረንጓዴ ካዩ ሥራው ተጀምሯል። ሽጉጡ በስሱ ዘይት ተቀብቶ፣ ከእርጥበት መጣጭ ከረጢት ጋር፣ በተቆለፈ የብረት ሣጥን። ማኅደሩ ለብቻው በሌላ መደርደሪያ።